የእንጅባራው ፈረሰኛና ነጩ አቡጀዲ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጎጃምን ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ከወጣና ደብረ ማርቆስን ካለፈ በኋላ፣ ቡሬንና ቲሊሊን ወደ ኋላው ሲተው አየሩ በድንገት እንደሚለወጥ ያስተውላል። መስኮት ከፍቶ የመጣው መንገደኛ ይዘጋል፤ ጋቢ የያዘውም ጋቢውን ይደርባል። የቀርከሃ አጥር፣ የገብስና የድንች እርሻ፣ በየሜዳው የተለቀቀ ፈረስ መታየት ሲጀምር ወደ አዊ ምድር ገብተዋል ማለት ነው። የዞኑ ርእሰ ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከዓመቱ የሚበዛውን ክፍል ደመና ተከናንባ ታሳልፋለች።

ውድ አንባቢ፣ ስለዚህ አገር የጻፉ ሰዎች ሁሉ ፈረሱን፣ ቀርከሃውንና የዘንገናን ሐይቅ ሳያነሡ አያልፉም። እኔም አልፋቸው ዘንድ አልችልም። ዛሬ ግን በተለይ ላወራልዎ የፈለግሁት ስለ ነጭ ቀለም ነው፤ ይኸውም በነጭ መደብ ላይ፣ ነጭ የለበሰን ሰው፣ ጥላ ሳይኖርበት ብርሃን በብርሃን አድርጎ ስለ ማንሣት። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛው ስሙ «ሃይ ኪይ» ይሉታል። ቀላል ነገር ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ወደ እንጅባራ መጀመሪያ የሄድኩት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ስለሆነ የዚያን ዓመቱ በዓል 83ኛው ነበር። የምሥረታውን ዓመት ልብ ይበሉ፤ ጠላት ገና ከአገር ያልወጣበት ዘመን ነው። ሰዎቹ በዚያ ጊዜ ተሰብስበው መታሰቢያ ያቆሙት በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ለዋሉት አባቶችና ለፈረሶቻቸው ነው። ፈረስ የጦር ባለውለታ ተብሎ በሰው አጠገብ ስሙ ሲነሣ የሚሰማበት በዓል ብዙ ያለ አይመስለኝም። በዚህ አገር በሠርግም በለቅሶም ፈረስ አይቀርም። በበዓሉ ቀንም ግላሱ በቀለም ያሸበረቀ፣ ልጓሙ የሚያብረቀርቅ ፈረስ ሜዳውን ሞልቶት ሲያዩ፣ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ወዴት እንደሚያነጣጥር ይጠፋዋል።

እኔም በዚያ ቀን ከሦስት መቶ በላይ ሥዕል አነሣሁ። ከእነዚያ ሁሉ ግን ዛሬ የማስታውሰው አንዱን የተበላሸውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓሉ ካለቀ በኋላ አንድ የማኅበሩ አባል የሆኑ ሽማግሌ ወደ ቤታቸው ጋበዙኝ። ጠላ ቀርቦ፣ ድንች ተቀቅሎ ወጉ ሲደምቅ፣ ከግድግዳው ላይ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ አውርደው አሳዩኝ። የአባታቸው ነበር። የጭሱ ጥላት ለዓመታት ስለጠጣው ፊቱ ከመደቡ ጋር ተመሳስሎ ጠፍቷል፤ የሚታየው ነጩ ጋቢ ብቻ ነው። ጋቢው አለ፤ ሰውየው የለም።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔንም አንሣኝ። ነጭ በነጭ ላይ አድርገህ፣ ፊቴ ግን እንዲታይ አድርገህ። ልጆቹ ጋቢ ብቻ እንዳይወርሱ።»

ጊዜው መሽቷል። በግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቀልን፤ ሽማግሌውን አስጠግቼ አቆምኩና በካሜራዬ ራስ ላይ በተሰካው ፍላሽ አነሣኋቸው። የሆነውን ልንገርዎ፤ ግንባራቸው ቅቤ እንደተቀባ አብለጨለጨ፤ ከኋላቸው በአንሶላው ላይ ጥቁር ጥላ ተለጠፈ፤ አንሶላው አመድ መሰለ፤ ጋቢው ደግሞ ክሩም ጥለቱም ሳይለይ ነጭ ቦታ ብቻ ሆነ። የአባታቸውን ሥዕል ጭስ ያበላሸው በብዙ ዘመን ነው፤ እኔ ግን በአንድ ብልጭታ ጨረስኩት። አላሳየኋቸውም። «ተመልሼ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ይህን ቃል ከፎቶግራፍ አንሺ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው እንዳልነበረ ከፊታቸው አይቻለሁ።

በማግሥቱ ወደ ዳንግላ ሄድኩ። ከእንጅባራ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለውን ዛፍ እንደ እህል ይዘራል፤ ጥቂት ዓመት አሳድጎም ለከሰል ይቆርጠዋል። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለች፣ ለብ ያለች፣ ገበያዋ የሞቀ ከተማ ናት። ታሪክ ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ እንግሊዛዊው ቼስማን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. የአገሩ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው በዚህች ከተማ ነበር። ከዚህ እየተነሣ የጣናን ዳርና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታ አነሣ፤ በ1936 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉም የጉዞውን ታሪክ ተረከ።

እኔን ወደ ዳንግላ የወሰደኝ ግን ቆንስሉ ሳይሆን አንድ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ከሠላሳ ዓመት ያልዘለለ ወጣት ነው። ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይሄዳል። የተበላሸውን ሥዕል ከካሜራዬ መስኮት ላይ ሲያይ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያስከፋ አልነበረም።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ፍላሹ ከዓይንህ ጋር አንድ ቦታ ተቀምጦ እንዴት ብሎ ሰው ይሥላል? መጀመሪያ ከራስህ ላይ አውርደው።»

ትምህርቱ ከዚህ ተጀመረ። ፍላሽ ከካሜራው ወርዶ በጎን ሲቆም፣ በሬዲዮ በሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ይታዘዛል፤ ወጣቶቹ ትሪገር ይሉታል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ አፍንጫና ጉንጭ ቅርጽ ይኖራቸዋል። ቀጥሎ ጃንጥላ አመጣ። ለዝናብ አይደለም፤ ፍላሹ ወደ ነጩ ጃንጥላ ሆድ ተኩሶ ብርሃኑ ሰፍቶ እንዲመለስ ነው። የጥላ ጥንካሬ የሚወሰነው የብርሃኑ ምንጭ ለሚነሣው ሰው ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚታየው ነው። ፀሐይ እጅግ ትልቅ ናት፤ ነገር ግን ሩቅ ስለሆነች ለእኛ ትንሽ ነጥብ ናት፤ ስለዚህ የቀትር ጥላ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ደመና ሲሸፍናት ግን ሰማዩ በሙሉ የብርሃን ምንጭ ይሆንና ጥላው ይጠፋል። ስለዚህ ጃንጥላው ከፊት አንድ ሜትር ያህል ቀርቦ ሲቆም ለስላሳ ነው፤ አራት ሜትር ሲርቅ ግን ጃንጥላ መሆኑ ብዙም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ትምህርት የርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። የእኔ አንሶላ ለምን አመድ እንደመሰለ ይህ ሕግ ይነግርዎታል፤ ብርሃኑ ለፊታቸው ደርሶ ለአንሶላው ሲደክም ነው። መደቡ በእውነት ነጭ እንዲሆን ለራሱ የተለየ ፍላሽ ያስፈልገዋል። ይህም ፍላሽ መደቡን ከፊት ይልቅ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደረጃ ያህል ማድመቅ አለበት። አንድ ደረጃ ማለት የብርሃኑ መጠን እጥፍ መሆን ነው። ከዚያ ካነሰ መደቡ ይጠቁራል፤ ከዚያ እጅግ ከበዛ ደግሞ ብርሃኑ ከጨርቁ ተመልሶ የጆሮንና የጸጉርን ጠርዝ ይበላል፤ ሥዕሉም ጉም የገባበት ይመስላል። በዚህም ምክንያት ሰውየው ከጨርቁ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ ይላሉ። እኔ ሽማግሌውን ከአንሶላው ጋር አጣብቄ ነበር!

ሦስተኛው የመዝጊያው ጉዳይ ነው። ፍላሽ የሚበራው እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ስለሆነ፣ መዝጊያው ቢፈጥን ቢዘገይ በፍላሹ ብርሃን ላይ ለውጥ የለውም፤ የሚለወጠው የአካባቢው ብርሃን ነው። ነገር ግን በአብዛኞቹ ካሜራዎች ከሰከንድ 200ኛ ገደማ በላይ ከፈጠነ መጋረጃው ግማሹን ሥዕል ይሸፍንና ጥቁር ሰንበር ይቀራል። የፍላሹን ብርሃን የሚገዙት የሌንሱ መክፈቻ፣ የፍላሹ ኃይልና ርቀቱ ናቸው። ይህንን በአንድ ቀን ሰማሁት፤ እጄ እስኪያውቀው ድረስ ግን አራት ቀን ከፎቶ ቤቱ አልወጣሁም። ባለ ጉዳይ ሲመጣ ወንበር አቀብላለሁ፤ ሲሄድ በራሴ ላይ እለማመዳለሁ።

በእነዚያ ቀናት ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ «ቀላ አድርገኝ» ይላሉ። ባለ ፎቶ ቤቱም ሳይከራከር በኮምፒዩተሩ ያቀላቸዋል። «ለምን?» ብለው፣ «ካላቀላሁት ሌላው ፎቶ ቤት ያቀላዋል» አለኝ። ልወቅሰው አልቻልኩም፤ የቤት ኪራይ አለበት።

ነገሩ የዳንግላ ብቻ አይደለም። ኮዳክ ኩባንያ ቀለም ለማመሳከር ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው ካርድ ለብዙ ዘመን የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበረበት፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ፊልሙ የእርሷን ቆዳ እንዲያሳምር ስለተቀመረ የጥቁር ሰው ፊት ጭቃ ይመስል ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ሻጮች፣ «ቡኒው ከቡኒ አይለይልንም» ብለው ያቀረቡት አቤቱታ ፊልሙ እንዲሻሻል ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ሰው ያልተሰማበትን ጉዳይ ወንበር ተሰማበት። የዛሬው ካሜራ ፊልም የለውም፤ ቢሆንም የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይጥራል። ብዙ ነጭ ሲያይ ሥዕሉን ያጠቁራል፤ በነጭ ጋቢ የተከበበው ጠይም ፊትም አብሮ ይጨልማል። ስለዚህ መለኪያውን አጥፍቶ በራስ እጅ መሥራት ግድ ነው።

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ተመልሼ ወደ እንጅባራ ሄድኩ። በዚያ ወር እንጅባራን ያላየ ሰው ጉም ምን እንደሆነ አያውቅም ለማለት ይቻላል። በማለዳ ወደ ዘንገና ወረድኩ። ሐይቁ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ይሆናል። ውሃው አልታየኝም፤ ዳርቻውም አልታየኝም። ከጉሙ ውስጥ አንድ እረኛ ልጅ ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ ሲል፣ ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ ፊቱ ብቻ ጥርት ብሎ ታየኝ። በዳንግላ ሁለት ፍላሽና አንድ ጃንጥላ ይዤ አራት ቀን የለፋሁበትን ነገር ሰማዩ በነጻ ሠርቶት አየሁ። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሪቻርድ አቬዶንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1979 እስከ 1984 ዓ.ም. በምዕራብ አሜሪካ እየዞረ ሠራተኞችንና መንገደኞችን ሲያነሣ፣ ነጭ ወረቀት በጥላ ቦታ ሰቅሎ በቀን ብርሃን ብቻ ነበር የተጠቀመው። ፍላሽ የሌለዎት አንባቢ ተስፋ አይቁረጡ።

ሽማግሌው በደጃቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። «መጣህ እንዴ!» አሉ፤ ድንጋጤያቸውን ሊደብቁ አልሞከሩም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የእኔ ፍላሾች ግን በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ አልተጨነቅሁም። ከገበያ የገዛሁትን አቡጀዲ ከቤቱ ክፈፍ ሥር በሁለት ቀርከሃ መካከል ወጠርነው። ሦስተኛውን ቀርከሃ መሬት ተክለን ጃንጥላውንና ፍላሹን አሰርንበት፤ የፋብሪካው መቆሚያ በእንጅባራ ነፋስ የሚችል አይደለም። ሁለተኛውን ፍላሽ ከሽማግሌው ጀርባ ዝቅ አድርጌ ወደ አቡጀዲው አዞርኩት። የልጅ ልጃቸው ነጠላዋን ዘርግታ ከደረታቸው በታች ያዘችልኝ፤ ከላይ የወረደው ብርሃን ከነጠላው ተመልሶ ከአገጫቸው ሥር ያለውን ጥላ እንዲያነሣ ነው።

መክፈቻውን 5.6 ላይ፣ መዝጊያውን የሰከንድ 160ኛ ላይ አድርጌ፣ የፊቱን ፍላሽ በግማሽ ኃይል፣ የኋላውን በሙሉ ኃይል አነሣሁ። ሥዕሉ በካሜራው መስኮት ላይ ሲወጣ ደስ አለኝ። ጥላ የሚባል የለም፤ መደቡ ወተት ነው፤ መጨማደዳቸው ሁሉ ጠፍቶ ሽማግሌው ሃያ ዓመት ወጣት ሆነዋል። በኩራት አሳየኋቸው።

ሽማግሌው ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀውም ተመለከቱ። ከልጅ ልጃቸው ጋር በአዊኛ ተነጋገሩ። ልጅቷ አቀረቀረች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ይህ ቀይ ሰውዬ ማን ነው ይላሉ።»

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው በአማርኛ ቀጠሉ፦ «ልጄ፣ ያባቴን ፊት ጭስ ወሰደው። የእኔን ደግሞ አንተ በመብራት ልትወስደው ነው? እኔ ጥቁር ነኝ። አባቴም ጥቁር ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ምን ብዬ ልመልስ? በዳንግላው ፎቶ ቤት «ቀላ አድርገኝ» ሲሉ የታዘብኳቸውን ልጆች አሰብኩ። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ አቅልቼ ነበር። ነጭ መደብ ለመሥራት ስጣደፍ ብርሃኑን ሁሉ አብዝቼ፣ የጨርቁን ንጣት በሰውየው ፊት ላይ አፍስሼዋለሁ። መደቡ ነጭ ይሁን ማለት ሰውየውም ይንጣ ማለት እንዳልሆነ ባውቅም፣ ጣቴ አልተማረውም ነበር።

የፊቱን ፍላሽ ከግማሽ ወደ ሩብ አወረድኩ፤ መክፈቻውንም ከ5.6 ወደ 8 አጠበብኩ። በዚህ ሁለት ደረጃ ተቀነሰ። የኋላውን ከሙሉ ወደ ሩብ አወረድኩ፤ አቡጀዲው ያን ጊዜም ከፊታቸው በአንድ ደረጃ ያህል ደምቆ ነበርና ነጭነቱን አላጣም፤ የጨርቁ መጨማደድም አልታየም። ሽማግሌውን አንድ እርምጃ ከጨርቁ አራቅኳቸው። ጃንጥላውን በፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ ከፍ አደረግሁት። ጥቁር ቆዳ ከብዙ ብርሃን ይልቅ ሰፊ ብርሃን ሲያገኝ ያምርበታል፤ ጃንጥላው በጉንጩ ላይ እንደ ቀስተኛ ጭረት ተንጸባርቆ የአጥንቱን ቅርጽ ይነግራል። ይህን በዳንግላ ሰምቼው ነበር፤ አሁን ግን አየሁት።

አነሣሁ። ጋቢው ከነክሩ፣ ከነጥለቱ ወጣ። መደቡ ነጭ ነው። በመካከሉ ግን ጥቁር፣ በግንባሩ ላይ ሦስት ጥልቅ መስመር ያለው፣ በግራ ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ያየኛል።

ሽማግሌው ይህንኛውን ብዙ ጊዜ አዩት። ጠባሳውን በጣታቸው ነኩ፤ በካሜራው ላይ ያለውን ማለቴ ነው። «ይህችን ዳማው ነው የሠራኝ፤ ልጅ ሳለሁ የጣለኝ» አሉና ሳቁ። ያሁኑ ፈረሳቸውም ዳማ ነው፤ ያኛው ዳማ ግን ከሞተ ስንት ዓመቱ።

«ሁለት አድርገህ ላክልኝ» አሉኝ። «አንዱ ካባቴ አጠገብ ይሰቀላል። ሌላውን ለዚህች ልጅ ስጣት፤ ጭስ ከሌለበት ቤት ትኖራለች።» ልጅቷ በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ሥዕሎቹን አሳትሜ በአውቶቡስ ሰው ልኬያለሁ፤ መድረሳቸውንም ልጅቷ ደውላ ነግራኛለች።

ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ሽማግሌው ተነሡ። «ቆይ እንጂ፣ ዳማውስ?» አሉ። የማኅበር አባል ያለ ፈረሱ ተነሥቶ ዝም ይላል ብዬ ማሰቤ የእኔ ሞኝነት ነው። ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ግላሱ ተደርቦ ወደ አቡጀዲው ቀረበ። አቡጀዲው ለሰው እንጂ ለፈረስ አይበቃም፤ ጭራውና አንገቱ ከሁለቱም በኩል ወጣ። አንድ ጊዜ ፍላሹ ሲበራ ዳማው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ፤ ቀርከሃው ተገነደሰ፤ አቡጀዲው በሁላችንም ላይ ወረደ። ልጅቷ እየሳቀች ከሥሩ ጃንጥላውን ስትጎትት፣ ሰማዩ ከዘንገና በኩል ጠቁሮ ዝናቡ ያዘ። ጃንጥላው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሠራበት ሥራ ዋለ።